ልጅን ለመርዳት የሚመጣ ሰው በየትኛው በር ይግባ?

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) አንደኛው፣ በሞስኮ ከተማ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሜትሮፖሊት የነበሩት አባ ኢኖኬንቲ በሽምግልና ዐረፉ። ሁለተኛው፣ በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ካርላይል በተባለች ከተማ፣ ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት የተባለ የጦር መኮንን በአሮጌ የወታደር ሰፈር ውስጥ ለአገሩ ነባር ሕዝብ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሜትሮፖሊቱ በወጣትነታቸው ዘመን፣ ገና ቄስ ሳሉ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች ወደ አንዱ ሄደው ዐሥር ዓመት አብረው ኖረው ነበር። መኮንኑም ወደ ሌላው ሕዝብ ልጆቹን ሊወስድ ሄዶ ነበር። ሁለቱም የሄዱት ለመርዳት እንደ ሆነ ያምኑ ነበር፤ ሁለቱም ፊደል አስቈጥረዋል፤ ሁለቱም የክርስቶስን ስም ጠርተዋል። ፍሬያቸው ግን ሰማይና ምድር ሆነ።

የልዩነቱን ምክንያት በፍቅርና በጥላቻ ብቻ ለመፍታት የሚሞክር ሰው ይሳሳታል። ፕራት በዘመኑ ከነበሩት ብዙ ሰዎች ይልቅ ለእነዚያ ልጆች ያሰበ ሰው ነበር። ነባሩ ሕዝብ ከምድር ይጥፋ የሚሉ በበዙበት ጊዜ እርሱ ሰዎች ናቸው፣ መማርም ይችላሉ እያለ ይከራከር ነበር። አሳቡም ቋንቋው፣ ስሙ፣ ልብሱና ልማዱ ከልጁ ላይ ተገፍፎ ይጥፋ፣ ሰውየው ግን ይትረፍ የሚል ነበር። እንግዲህ ጕዳዩ የበጎ ፈቃድ መኖርና አለመኖር ብቻ አይደለም። ጕዳዩ የመግቢያው ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲመጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥም «ይግቡ» እስኪባል ድረስ ይጠብቃል። እህል ተሸክሞ የመጣ ቢሆንም፣ መድኃኒት ይዞ የመጣ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ዘሎ የሚገባ የለም። የተሸከመው ነገር መልካምነት የደጁን ሥርዓት አያስቀርለትም። ይህን ሥርዓት ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ደጁ የድኻ ወይም የተሸነፈ ሕዝብ ደጅ ሲሆን፣ እንግዳውም ባለጠጋና የተማረ ሲሆን፣ ፈጥኖ ይረሳል። ከዚህ የተነሣ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሌላውን ሕዝብ ልጅ ለመርዳት የሚመጣ ሰው በአባትና በእናት በር መግባት ግዴታው ነውን? ወይስ የያዘው ነገር መልካም ከሆነ በሌላ በር ቢገባ ይፈቀድለታል?

ሜትሮፖሊት ኢኖኬንቲ በቅስና ስማቸው ዮሐንስ ቬኒያሚኖቭ ይባሉ ነበር። በ1824 ዓ.ም. ሚስታቸውን፣ እናታቸውን፣ ወንድማቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ይዘው በአላስካ ደሴቶች ውስጥ ኡናላስካ ወደምትባል ደሴት ደረሱ። የደሴቶቹን ሰዎች ሩሲያውያን አሌውት ይሏቸዋል፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ኡናንጋን ይላሉ። ቄሱ በደረሱ ጊዜ ይህ ሕዝብ የቀድሞ ቍጥሩ እጅግ አንሶ ነበር፤ የጠጕር ነጋዴዎች ወንዶቹን እያስገደዱ የባሕር እንስሳ ያሳድኗቸው ነበርና፣ ከውጭ የመጣ በሽታም ፈጅቷቸው ነበርና። ቄሱም የመጡት በእነዚሁ ነጋዴዎች ማኅበር መርከብ ነው። ስለዚህ የደሴቱ ሰዎች እኒህን ቄስ የሚያምኑበት አንዳች ምክንያት አልነበራቸውም። ከእርሳቸው አስቀድሞ በ1794 ዓ.ም. ወደ ኮዲያክ ደሴት የመጣው መነኵሴ ሄርማን ግን ስለ ሕዝቡ ከነጋዴዎቹ ጋር ተጣልቶ፣ የሙት ልጆችን ሰብስቦ ያሳደገ ሰው ስለ ነበረ፣ የካህን ስም በዚያ አገር ፈጽሞ የተጠላ አልነበረም።

ቄስ ቬኒያሚኖቭ አናጢነትና የሰዓት ሥራ ያውቁ ነበር። ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ የደሴቱን ሰዎችም አናጢነትና ግንበኝነት እያስተማሩ ከእነርሱ ጋር ቤተ ክርስቲያን አነጹ፤ ይህም በ1826 ዓ.ም. ተፈጸመ። ከደሴት ወደ ደሴት በቆዳ በተለበጠች ጠባብ ታንኳ፣ በዚያ በሚያስፈራ ባሕር ላይ ይመላለሱ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቋንቋውን መማራቸው ነው። ኢቫን ፓንኮቭ ከሚባል የትጋልዳ ደሴት አለቃ ጋር ሆነው ለአሌውት ቋንቋ ፊደል አዘጋጁ፤ የሃይማኖት ትምህርትና የማቴዎስን ወንጌል ተረጐሙ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ቄሱ በሃይማኖት ትምህርት መምህር ነበሩ፤ ስለ ቃሉ ትክክለኛነት ግን የሚፈርደው ፓንኮቭ ነበር። አንዱ ሌላውን ሳያስተምር ሥራው አንድ ገጽ እንኳ ሊራመድ አይችልም ነበር። ወላጆች በቋንቋቸው የማያፍር መምህር ሲያዩ፣ ልጆቻቸውን ሲሰጡት የሚያጡአቸው አይመስላቸውም።

በሃይማኖት ነገር የሩሲያና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የተለያዩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን መልካም ሥራ ከየትም ቢገኝ ሊመረመር ይገባዋል። ደግሞም ነገሩ ለኢትዮጵያ ካህናት እንግዳ አይደለም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ የመጣ የሌላ አገር ልጅ ነበር፤ ጵጵስና ሳይቀበል አስቀድሞ በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎ፣ የአገሩን ሰዎች አገልግሎ ነበር። ለማስተማር በተመለሰ ጊዜ የሚያውቀው ደጅ፣ የሚያውቁትም ሰዎች ነበሩት።

ቬኒያሚኖቭ በ1834 ዓ.ም. ወደ ሲትካ ተዛውረው ትሊንጊት ከሚባሉት ሕዝብ ጋር ተገናኙ። ይህ ሕዝብ ኃይለኛና በሩሲያውያን ላይ የከረረ ቂም ያለው ነበር። ቄሱ ወደ እነርሱ ሊሄዱ አስበው በልዩ ልዩ ምክንያት ሲዘገዩ፣ በመካከሉ ፈንጣጣ ገባና ብዙ ሰው ሞተ። ትሊንጊቶች የሩሲያ ሐኪም የከተባቸው ሰዎች መትረፋቸውን ባዩ ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው መጥተው ክትባት ጠየቁ። ቄሱ ይህን ሲያስቡ፣ ፈንጣጣው ከመግባቱ ጥቂት ቀን አስቀድመው ሄደው ቢሆን ኖሮ መቅሠፍቱን እርሳቸው እንዳመጡት ይቈጠር እንደ ነበር ተገነዘቡ። መዘግየታቸውን እንደ ቸርነት ቈጠሩት። ዛሬ የእርዳታ ሥራ የያዙ ሰዎች ግን በመዘግየት የሚያመሰግናቸው አለቃ ማግኘታቸው ያጠራጥራል፤ ዘገባው በዓመቱ መጨረሻ ይጠበቃልና።

በኋላም በ1853 ዓ.ም.፣ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሳሉ፣ በኑሻጋክ ለሚያገለግል መነኵሴ መመሪያ ጻፉለት። የሕዝቡ ልማድ የሚነቀፍ ቢመስለው እንኳ በግልጥ እንዳይንቀው፣ በስጦታ አባብሎ ወይም አስገድዶ ወደ ጥምቀት እንዳይስብ፣ ቋንቋቸውን እንዲማር አዘዙት። በእርግጥ እርሳቸውም የአንድ ትልቅ መንግሥት ሰው ነበሩ፤ በመርከቡ የሄዱ፣ ስንቁን የበሉ ናቸው። በነጋዴዎቹ ማኅበር ላይ የሚገባውን ያህል ተናግረዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ከንቱ አይባልም። ነገር ግን አላስካ በ1867 ዓ.ም. ለአሜሪካ ከተሸጠች በኋላ ሩሲያውያን ሲወጡ ሃይማኖቱ አብሯቸው አልወጣም፤ የደሴቶቹ ሰዎች የራሳችን ነው ብለው ያዙት። የተጫነ ሸክም የጫነው ሰው ሲሄድ ይራገፋል፤ ይህ ግን አልተራገፈም።

ወደ ካርላይል ሲመለሱ ነገሩ ከሚጠበቀው ይልቅ ውስብስብ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ፕራት ልጆቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጉልበት የነጠቀ ይመስለዋል። እንዲህ አልነበረም። በ1879 ዓ.ም. ወደ ሮዝበድ ምድር ሄዶ፣ ከላኮታ ሕዝብ ወገን የነበረውን አለቃ ሲንቴ ግሌስካን አነጋግሮታል፤ ይህንም አለቃ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስፖትድ ቴይል ይሉታል። መኮንኑ እንደ ተረከው፣ አለቃው አስቀድሞ እንቢ አለ፤ ነጮች ሌቦችና ውሸታሞች ስለ ሆኑ ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ነገር እንዲማሩ አንፈልግም አለ። ፕራትም የነጮችን ጽሑፍ ማንበብ ብትችሉ ኖሮ በውሉ ባልተታለላችሁ ነበር ብሎ መለሰለት። ይህ ንግግር ልብ የሚነካ ነው፤ እውነትም አለበት። አለቃው ተማከረና ፈቀደ፤ የራሱንም ልጆች ጨምሮ ሰጠ።

እንግዲህ እንግዳው በደጅ ቆሞ ተጣርቷል፤ ባለቤቱም ይግቡ ብሏል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እንዲህ ነው። ልጆቹ በሠረገላ፣ ኋላም በወንዝ መርከብና በባቡር ተጕዘው ካርላይል ሲደርሱ ጠጕራቸው ተቈረጠ። በላኮታ ዘንድ ጠጕር የሚቈረጠው ለሐዘን ነው። ጠጕር መላጨትን ከለቅሶ ጋር ለሚያውቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያን ሌሊት በሰፈሩ ውስጥ የልጆች ዋይታ ተሰማ። ልብሳቸው ተወስዶ የወታደር ልብስ ለበሱ። በቋንቋቸው መናገር ተከለከሉ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ሉተር ስታንዲንግ ቤር በ1928 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ በሰሌዳ ላይ የተጻፉ ምልክቶች ታይተውት በዘንግ አንዱን እንዲያመለክት ተደረገ፤ ማንበብ አይችልም ነበርና ምን እንዳመለከተ ሳያውቅ «ሉተር» የሚባለው ስም የእርሱ ሆነ። ስም ያወጡለት አባትና እናቱ በዚያ አልነበሩም። በክርስትና ሥርዓት እንኳ ሕፃን ስም ሲቀበል የሚያቅፈው ሰው አለው።

በ1880 ዓ.ም. ሲንቴ ግሌስካ ልጆቹን ሊጐበኝ ካርላይል ሄደ። የራሱን ወንዶች ልጆች በወታደር ልብስ ባያቸው ጊዜ ተቈጣ፤ የሰጠኋችሁ ንባብ እንዲማሩ ነበር እንጂ ወታደር እንድታደርጓቸው አይደለም በሚል አሳብ ተከራከረ፤ የቤተ ሰቡንም ልጆች ይዞ ተመለሰ። አለቃ በመሆኑ ይህን ማድረግ ቻለ። የሌሎቹ ልጆች ግን ቀሩ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ በደጅ ፈቃድ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር የሽያጭ ውል አይደለም። እንግዳ ገብቶ የቤቱን ምሰሶ መንቀል ሲጀምር ባለቤቱ ውጣ ሊለው ይገባል፤ እንግዳውም ሊወጣ ይገባዋል። እምቢ ሊባል የማይችል ረዳት፣ በመልካም ቃል ቢመጣም፣ ከጌታ እንጂ ከእንግዳ አይቈጠርም። ይህም እውነት መሆኑ ጥቂት ቈይቶ ታየ፤ ወላጆች እምቢ ማለት ሲያበዙ በ1891 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ልጆቹ በግድ እንዲማሩ ፈቀደ፤ በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ልጁን አልሰጥም ያለ ቤተ ሰብ ቀለቡ እንዲከለከል የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ልመናው ወደ ግዴታ፣ ግዴታውም ወደ ረኀብ ተለወጠ። በካናዳም በ1920 ዓ.ም. ተመሳሳይ ግዴታ ታወጀ፤ በዚያ አገር 150,000 የሚያህሉ ልጆች በእንደዚህ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳለፉ ይነገራል።

የካናዳዎቹን ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ ያስተዳደሩት አብዛኛውን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ ካቶሊክ፣ አንግሊካን፣ ሌሎችም። ጧትና ማታ ጸሎት የሚደረስባቸው ቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ይህ ጕዳይ ለካህናት የሌላ ሰው ጕዳይ አይደለም። የካናዳ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ይቅርታ ጠየቀ፤ እውነቱን እንዲመረምር የተቋቋመው ጉባኤ በ2015 ዓ.ም. ዘገባውን ፈጸመ፤ የሮማው ፓፓ ፍራንሲስኮስም በ2022 ዓ.ም. ወደ አልበርታ ሄደው በነባሩ ሕዝብ ምድር ቆመው ይቅርታ ለመኑ። የአሜሪካ መንግሥት ያስደረገው ምርመራ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ 973 ልጆች እንደ ሞቱ በ2024 ዓ.ም. አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ጠየቁ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። መጀመሪያው ቀላል ነው። ልጅ ለትምህርት ከወላጆቹ መለየቱ በራሱ ክፉ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ የቆሎ ተማሪ ምን ሊባል ነው? እርሱም በለጋነቱ አባቱንና እናቱን ትቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ብዙ ቀን ተጕዞ ወደ መምህሩ ይሄዳል፤ ይራባል፤ ይታመማል፤ በመንገድ የሚሞትም ነበር። መልሱ መለየትና መቈረጥ አንድ አለመሆናቸው ነው። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን እህሉን የምትሰጠው ሴት የእናቱን ጸሎት የምትጸልይ ናት። የተማረው ሁሉ ወደ ወጣበት ደብር ሊመለስ የሚችል ነገር ነው፤ አባቱ በቅዳሴ ሲሰማው ይኰራበታል። የካርላይል ልጅ ግን ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ እናቱን የሚያነጋግርበት አፍ እስኪያጣ ድረስ ተለውጦ ይገኝ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚያልፈውም ሰው ታማኝ አይደለም። ቤቱ ራሱ የተሰበረ ከሆነስ? አባት በመጠጥ የጠፋ፣ እናት የተደበደበች፣ ልጁም በገዛ ዘመዱ የሚሠቃይ ከሆነ፣ በደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት ልጁን አሳልፎ መስጠት አይሆንምን? ይህ ነገር በነባር ሕዝቦች መንደርም ይገኛል፤ አይካድም። ከሚሠቃዩት ቤቶች ብዙዎቹ እነዚያው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያሳደጓቸው ሰዎች ቤቶች ናቸው፤ በእናት ጭን ያላደገ ሰው ልጅን እንዴት እንደሚያሳድግ ከማን ይማር? ዳሩ ግን የበሽታውን ምክንያት ማወቅ የዛሬውን ልጅ ከዱላ አያድነውም።

ብዙ መንግሥታት ለዚህ የሰጡት መልስ ልጁን ወስዶ ለሌላ ቤተ ሰብ መስጠት ነበር። በአሜሪካ ከ1978 ዓ.ም. አስቀድሞ በተደረገው ቈጠራ ከነባሩ ሕዝብ ልጆች ከአራቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከቤተ ሰቡ ተወስዶ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ልጁ ከመወሰዱ በፊት ዘመዶቹና የሕዝቡ ጉባኤ እንዲቀድሙ አዘዘ፤ ሕጉንም የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ዓ.ም. አጸናው። ከዚህ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የሚጠጋው ግን የኒው ዚላንድ ሕግ ነው።

በዚያ አገር ነባሮቹ ሕዝብ ማኦሪ ይባላሉ። በ1986 ዓ.ም. ጆን ራንጊሃው በተባሉ ሽማግሌ የሚመራ ጉባኤ የመንግሥቱ የሕፃናት መሥሪያ ቤት የማኦሪን ቤተ ሰብ እንደማይሰማ ገልጦ ዘገባ አቀረበ። በ1989 ዓ.ም. ሕግ ወጣ። ሕጉ ልጅ አደጋ ላይ ነው በተባለ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ስብሰባ እንዲጠራ ያዛል። አያቶች፣ አጎቶችና አክስቶች፣ የነገዱም ሰዎች ይሰበሰባሉ። የመንግሥቱ ሠራተኛ ያየውንና የሚያስፈራውን ነገር ሳይደብቅ ይነግራቸዋል። ከዚያም ከክፍሉ ይወጣል። ዘመዶቹ ብቻቸውን ይመክራሉ፤ እነርሱ ካልፈለጉት በቀር ሠራተኛው ከመካከላቸው ሊቀመጥ አይፈቀድለትም።

ይህ መውጣት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ጕዳይ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የተማረ ሰው እውነቱን ተናግሮ ዝም ማለት ይችላል፤ በሩን ዘግቶ በውጭ መቆም ግን ያቅተዋል፤ እርሱ ከሌለ ነገሩ የሚበላሽ ይመስለዋልና። ደግሞም ሕጉ ልጁን አልረሳም፤ አደጋው የሚያጣድፍ ሲሆን ልጁ ወዲያው ይጠበቃል፤ ዘመዶቹ የወሰኑትም ልጁን የሚጠብቅ መሆኑ ይታያል። ቤቱ ሲቃጠል ደጅ የሚጠና የለም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን ቤቱ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቀራል፤ ረዳቶች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ነው፤ እሳት ሊያጠፉ ገብተው በዚያው ይሰነብታሉ።

የሕጉ ፍሬ እንደ ታሰበው አለመሆኑንም መናገር ይገባል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ በመንግሥት አሳዳጊነት ከሚገኙት ልጆች ከግማሽ በላይ የማኦሪ ልጆች ነበሩ፤ ማኦሪ ግን ከአገሩ ሕዝብ ከአምስት እጅ አንዱን አይሞሉም። ለዘመዶች ምክሩ ተሰጣቸው፤ ምክሩን የሚፈጽሙበት ገንዘብና ሥልጣን ግን በመሥሪያ ቤቱ ቀረ። ባዶ እጁን የተቀመጠ ዳኛ ምን ይፈርዳል? በመንግሥትና በአብያተ ክርስቲያናት አሳዳጊነት ሥር በልጆች ላይ ስለ ደረሰው ግፍ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2024 ዓ.ም. በምክር ቤት ይቅርታ ጠይቀዋል።

ባህልን አክብሮ ማገልገል የሚለው ቃል ዛሬ በብዙ አገር መሥሪያ ቤቶች ይነገራል፤ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ቃሉ የሚፈጸመው አንዳንድ ጊዜ በልብስ ብቻ ነው። በወረቀቱ ራስ ላይ የሕዝቡ ጌጥ ይታተማል፤ ሠራተኛው ሰላምታውን በቋንቋቸው ያጠናል፤ ስብሰባው በሽማግሌ ጸሎት ይከፈታል፤ የሚደረገው ነገር ግን አስቀድሞ በከተማ ተወስኖ አልቋል። ይህ የካርላይሉ ነገር ተገልብጦ ነው፤ በካርላይል የልጁ ልብስ ተገፍፎ የመኮንኑ አሳብ ተጫነበት፤ በዚህ ግን መኮንኑ የልጁን ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ አሳቡ ያው ነው። ቄስ ቬኒያሚኖቭ የአሌውትን ፊደል የጻፉት ለጌጥ አልነበረም፤ ሳይማሩት ሥራቸውን ሊሠሩ ስላልቻሉ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ረዳቱ ካገኛቸው ሰዎች የተነሣ አንዳች ነገር በመለወጡ ነው፤ ቀኑን፣ ገንዘቡን፣ ወይም ዋናውን አሳቡን። ምንም ሳይለወጥ የተመለሰ ሰው ወደ ማንም ቤት አልገባም።

ከሁሉ የጸናው ሥራም ከውስጥ የተነሣው ነው። በ1982 ዓ.ም. የማኦሪ ሽማግሌዎች ቋንቋቸው በእነርሱ ሞት እንደሚያልቅ ባዩ ጊዜ ሕፃናቱን ሰብስበው ኮሃንጋ ሬኦ ያሉትን፣ ማለት የቋንቋ ጎጆ፣ በዌሊንግተን አጠገብ ከፈቱ። ልሳን ያላቸው አያቶች፣ ልሳን ያልፈታ የልጅ ልጅ፤ በመካከል ያለው ትውልድ ደግሞ በትምህርት ቤት አፉን የተዘጋው ነው፤ እርሱም ልጁን ሲያመጣ አብሮ ይማር ነበር።

በአላስካም በኩስኮክዊም ወንዝ አጠገብ ክዌትሉክ በምትባል መንደር የዩፒክ ሕዝብ ልጅና የቄስ ሚስት የነበሩ ኦልጋ ሚካኤል የሚባሉ ሴት ነበሩ። አዋላጅ ነበሩ፤ ልብስና ጫማ እየሰፉ ለሰው ይሰጡ ነበር። በግፍ የተጐዱ ሴቶችን፣ እንደሚተረከው፣ የአገሩ ሰዎች ወደሚታጠቡበት የእንፋሎት ቤት ይዘዋቸው ይገቡ ነበር። በዚያ ልብስ የሸፈነው ቍስል ይታያል፤ ማንም አላስገደደም፣ ማንም አልጠየቀም፤ ጨዋታው ቀስ ብሎ ይመጣል። ይህን ሥራ የትኛው መሥሪያ ቤት ሊሠራው ይችላል? ሊሠራው የሚገባውም አይመስልም። ለእንጨቱና ለውኃው መርዳት ግን ይችላል። እኒህ ሴት በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በ2025 ዓ.ም. የአሜሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንደራቸው ከቅዱሳን ቍጥር ደመረቻቸው።

የካርላይል ትምህርት ቤት በ1918 ዓ.ም. ተዘጋ። በመቃብሩ ስፍራ ከ180 የሚበልጡ ልጆች ተቀብረው ቀሩ። በ2015 ዓ.ም. የሮዝበድ ወጣቶች፣ የሲንቴ ግሌስካ ወገን ልጆች፣ በዋሺንግተን ከተደረገ የወጣቶች ስብሰባ ሲመለሱ በዚያ አለፉና መቃብሮቹን አዩ። ለምን ወደ ቤታቸው አንወስዳቸውም ብለው ሽማግሌዎቻቸውን ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ያነሣ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የጠየቁት ልጆች ናቸው። መቃብሩን የሚጠብቀው ጦር ሠራዊት አጽሙ ተነሥቶ እንዲሰጥ ከሁሉ የሚቀርበው ዘመድ በስሙ እንዲጠይቅ ይፈልግ ነበርና፣ የልጆቹን ዘመዶች መፈለግና መጻፍ ስድስት ዓመት ፈጀ።

በ2021 ዓ.ም. በበጋ ዐሥር መቃብሮች ተከፈቱ። ከዐሥሩ አንዱ የአሌውት ልጅ መቃብር ነበር፤ በ1906 ዓ.ም. የሞተች፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ደሴት የመጣች ልጅ። ይህች ደሴት በቄስ ቬኒያሚኖቭ ደብር ክልል ውስጥ የነበረች ናት። አጽሟ ወደ ደሴቷ ተመለሰ። ዘጠኙ የሮዝበድ ልጆች ነበሩ። አጽማቸውን የያዙት መኪናዎች በሐምሌ ወር ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፣ ልጆቹ በ1879 ዓ.ም. በመርከብ በተሳፈሩበት በሚዙሪ ወንዝ ዳር ቆሙ፤ ሽማግሌዎች ጸለዩ፤ ወጣቶቹም ቆመው ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሮዝበድ ጕዟቸውን ቀጠሉ።